ከጽዱ ሥር የወጣው ነጥብ

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሻይ አፈላሁ፤ አንድ ብርጭቆ ጠጣሁ፤ ብርድ ስለነበር የባለቤቴን ካፖርት ደርቤ በሩን ቆለፍኩ። የዩኒቨርሲቲው መኪና ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ አንኮበር ሲያደርሰን ጉሙ ገና አልተገፈፈም።

ተማሪዬ ሔራን የምትፈልገው ለድሮ የቤተ መንግሥት ግብር የታረዱ በሬዎች አጥንት ተቃጥሎ የተቀበረበትን ጉድጓድ ነው። ይዘነው የመጣነው መሣሪያ አጥንቱን አያይም፤ የተቃጠለውን አፈር መግነጢስ ግን ይለካል። የተዋስነው ነውና ማታ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል። ጉድጓዱ ዛሬ ካልተገኘ የመመረቂያ ጽሑፏን ውኃ በላው።

መሣሪያው ብረት አይወድም። ስለዚህ ሁሉንም አስፈታሁ። የምንፈልግበት ማሳ ባለቤት አባ ወልደአረጋይ የብረት መስቀላቸውን በነጠላ ጠቅልለው ከአንድ ድንጋይ ላይ አኖሩ። ጥበቃው ጋሽ ደጀኔ ጠመንጃቸውን ወዲያው አስቀመጡ፤ ቀበቶው ላይ ሲደርሱ ግን ተለማመጡኝ።

«ዶክተር፣ ሱሪው የታላቅ ወንድሜ ነው። ያለ ቀበቶ አይቆምም።»

«ይያዙት።»

ይዘውት ዋሉ።

ሔራን መሣሪያውን ተሸክማ መስመር በመስመር ተመላለሰች። እኔ ማሳው መካከል ካለው የጽድ ዛፍ ሥር ቆሜ እመዘግባለሁ። ስድስት ሰዓት ላይ ካርታው ላይ ጥቁር ነጥብ ወጣ፤ ልክ ከጽዱ ሥር። ሔራን እልል አለች። እስከ ወገባችን ቆፈርን። ከአባ ድንች በቀር የተገኘ የለም።

«ድንቹስ ያለ መሣሪያም ይገኝ ነበር» አሉ አባ።

ሔራን ለማጣራት ደግማ ለካች። እኔ ከአፈሩ ክምር ሸሽቼ ከማሳው አጥር አጠገብ ቆሜያለሁ። አሁን ነጥቡ ከአጥሩ አጠገብ ወጣ።

አባ ካርታውን አተኩረው አዩ። «ታርዷል፣ ተበልቷል፣ ተቀብሯል፤ ደግሞ ይሄዳል? ምን ዓይነት በሬ ነው?»

ጋሽ ደጀኔ ደንግጠው ሊያማትቡ ቀኝ እጃቸውን አነሡ። ሱሪው ወረደ።

ሔራን ግን የምታየው እኔን ነበር። «ዶክተር… ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ምን አለ?»

«ምንም» አልኩና እጄን ከተትኩ። የባለቤቴ ሰንጢ ነው። ከቀበርነው ሦስት ዓመቱ ነው፤ ሰንጢው ከኪሱ አልወጣም። ብረት መሆኑን ረስቼው ነበር።

«አጥፍቻለሁ» አልኳትና ከመስቀሉ አጠገብ አኖርኩት። ማንም አልሳቀም። ጋሽ ደጀኔ እንኳ ቀበቷቸውን አልጠየቁም።

ለሦስተኛ ጊዜ ለካች። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ካርታው ወጣ፤ ማሳው ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ግራጫ ነው። ሔራን አገላብጣ አየችው።

ጥቁሩ ነጥብ የለም፤ ጉድጓዱም አልተገኘም።