የደበዘዘችው ጨረቃ

የሰፈሩ ሰው «ብልጭታ» ይላታል። ሠርግ፣ ምርቃት፣ ልደት በተባለበት ሁሉ ካሜራዋን አንግታ ስለማትጠፋ የወጣላት ስም ነው። እሷ ግን ሙሽራ ከማንሳት ይልቅ ጨረቃ ማንሳት ትወዳለች። ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበት ቀን፣ ገና አመሻሹ ላይ፣ የካሜራ ማቆሚያዋን ተሸክማ ጣሪያ ላይ ትወጣለች።

«ያቺው ጨረቃ አይደለችም እንዴ? ባለፈው ወር ያነሳሻትን የት አደረግሻት?» እያለ ይቀልድባታል አናጺው ባሏ። እሷም ትስቃለች እንጂ ምክንያቷን ነግራው አታውቅም።

ምክንያቷ እናቷ ነበረች። ልጅ ሳለች አንድ ምሽት እናትና ልጅ መስኮት ዳር ተቀምጠዋል። ጨረቃ ከፊት ለፊቱ ቤት ጣሪያ በላይ ቁጭ ብላለች።

«ዛሬ ጨረቃ የለችም እንዴ?» አለች እናቷ።

«አለች እኮ እማዬ፤ ያቻትና!»

እናቷ የልጇን ጣት ተከትላ አየች፣ አየች፤ ምንም አልታያትም። የዓይኗ መድከም በቤቱ የታወቀው ያን ዕለት ነው። በኋላ ዓይኗ ጨርሶ ጠፋ።

ለሌላው ሰው ጨረቃ ውበት ወይም ፍቅር ትሆን ይሆናል። ለብልጭታ ግን «እኔ እስካሁን አያለሁ» ማለት ነበረች። ስለዚህ ካሜራው በራሱ ፎከስ እንዲያደርግ አትፈቅድለትም። የሌንሱን ቀለበት በጣቶቿ ቀስ እያለች ታዞርና የጨረቃዋ ጠርዝ ጥርት ሲልላት እፎይ ትላለች።

እናቷ ዓይኗ የደከመበት ዕድሜ ላይ በደረሰች ጊዜ፣ አንድ ምሽት ጨረቃዋ አልጠራ አለቻት። ቀለበቱን ወዲህ ብታዞር፣ ወዲያ ብታዞር፣ መነጽሯን ብትጠርግ፣ ደጋግማ ብታነሳት፣ ብዥ እንዳለች ቀረች። ካሜራውን ትታ በዓይኗ ቀና ብላ እንዳታያት ደግሞ እንባዋ ቀደማት፤ ጭራሽ ሁሉም ነገር ደበዘዘባት። ዕቃዋን ሰብስባ ወረደች።

«ዛሬ ምነው ቶሎ ወረድሽ?» አላት ባሏ።

«ደመና ነው።»

ባሏ በመስኮት ወደ ውጭ አየ። ሰማዩ ወለል ብሏል።

ከዚያ ወዲህ ካሜራውን አልነካችውም። የሠርግ ሥራ ሲመጣላት «ሌላ ሰው ፈልጉ» ብላ መለሰች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ባሏ ከሥራው ሲመለስ፣ ዓይኗን ጨፍና ግድግዳውን በእጇ እየዳበሰች ከሳሎን ወደ ማድ ቤት ስትሄድ አገኛት።

«አንቺ! ምን እያደረግሽ ነው?»

«እየተለማመድኩ» አለችና እዚያው ወለሉ ላይ ዘፍ ብላ አለቀሰች። የእናቷንም፣ የጨረቃዋንም ነገር አንድ ሳታስቀር ነገረችው።

ባሏ ጎኗ ተቀመጠ። ከዚያ ካሜራውን ከቦርሳው አውጥቶ የመጨረሻዎቹን ፎቶዎች አያቸው።

«እኔም እኮ ብዥ ብላ ነው የምትታየኝ» አላት።

«መነጽርህን አድርግ።»

«አድርጌያለሁ! የድሮዎቹ ኩልል ብለው ይታዩኛል። እነዚህ ናቸው የደበዘዙት። ደግሞስ የአንቺም የእኔም ዓይን በአንድ ቀን ይጠፋል እንዴ?»

ብልጭታ ካሜራውን ከእጁ ነጥቃ ማየት ጀመረች። እስከዚያ ቀን ፈርታ ፎቶዎቹን ለማንም አላሳየችም፤ ራሷም መልሳ አላየቻቸውም ነበር።

በማግሥቱ ካሜራ ጠጋኙ ዘንድ ሄዱ። ጠጋኙ ሌንሱን ወደ መብራቱ አንስቶ አየና እንደ ሐዘንተኛ ራሱን ነቀነቀ።

«አይዞሽ እህቴ፤ ውስጡ እርጥበት ገብቶ ሻግቷል።»

«ሻግቷል?»

«በደንብ ነው የሻገተው።»

«እሰይ! እልል!» ብላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመችበት። ጠጋኙ ግራ ገብቶት ባሏን አየው።

«ተዋት ወንድሜ፤ ደስ ብሏት ነው» አለ ባሏ።

እሱ ግን በዚህ አልረካም፤ እጇን ይዞ በቀጥታ ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰዳት። ሐኪሟ አንዱን ዓይን፣ ከዚያ ሌላውን በመሣሪያዋ መርምራ፣ «ደህና ናቸው። በየዓመቱ እየመጣሽ ታዪ እንጂ አሁን የሚያሰጋሽ ነገር የለም» አለቻት።

ወደ ቤት በእግራቸው ተመለሱ። ብልጭታ የሱቁን ሁሉ ማስታወቂያ ጮክ ብላ እያነበበች ትሄዳለች፦ «ቀለምና ቡሩሽ... የሴቶች ጫማ... ጥርስ እንነቅላለን...»

«ኧረ በቃሽ፣ ሰው እያየን ነው» አላት ባሏ።

«ይየን!» አለችና ቀጣዩን ማንበብ ጀመረች።