ሰውአለኝ ስታላዝን

ግዛቸው ሲሚንቶ የማይፈታው ችግር አለ ብሎ አያምንም። ዲላ ላይ ሱቁ የሚሸጠው ሲሚንቶና ምስማር ስለሆነ አይፈረድበትም። ስለዚህ ወጀቡ ቡሌ ያሉትን የአማቱን የእማማ እታገኝን ቆርቆሮ ገንጥሎ እንሰቱ ላይ እንደጣለው በስልክ ሲሰማ አልደነገጠም። መኪናው ላይ ሚስቱን ብዙነሽን ከፊት፣ ሲሚንቶውን ከኋላ ጭኖ፣ ጭቃውን እየረገመ በጠዋት ደረሰ።

እማማ እታገኝ ከፋሲካ በፊት አዳልጧቸው ወገባቸውን ከተመቱ ወዲህ ከአልጋ አልወረዱም። ቤቱ ሟቹ ባላቸው ያሠሩት አሮጌ ቤት ነው። ወለሉ ጣውላ ሆኖ ከመሬት ከፍ ያለ ሲሆን፣ በጓሮ በኩል ከወለሉ ሥር ውሻ የሚያሾልክ ቀዳዳ አለው። ግዛቸው ጣሪያውን መትቶ ሲጨርስ ዓይኑ እዚያ ቀዳዳ ላይ አረፈ። ነፋሱም ጎርፉም የሚገባው በዚህ ነው አለ። አንዴ መዶሻ የጨበጠ አማች የሚያቆመው የለም።

ችግሩ ውሻዋ ነበረች። ስሟ ሰውአለኝ ነው። ይህን ስም ያወጡላት እማማ እታገኝ ናቸው፤ ባላቸው በሞቱ ሰሞን «ብቻዋን ቀረች» እያለ ለሚያንሾካሹክ ጎረቤት መልስ እንዲሆን። ሰውአለኝ ቀዳዳው አፍ ላይ ተኝታ ጥርሷን አሳየችው።

«ይሄን ሁሉ ዓመት ስመላለስ አሁንም እንግዳ ነኝ?» አላት።

በአጥንት አታሎ ከጓሮው ወሰዳትና አጥሩ ላይ አሰራት። ቀዳዳውን በድንጋይ ሞላ፣ በሲሚንቶ ለሰነ፣ አስተካክሎ አለሰለሰ። ሥራው አምሮለት ነበር፤ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሳው። ከዚያ ገመዷን ፈታላት።

ፀሐይ ስትጠልቅ ሰውአለኝ ማላዘን ጀመረች።

ውሻ ቤት ላይ ሲያላዝን ሞት እንደሚጠራ የማያውቅ የለም። ብዙነሽ የአጥሚቱን ኩባያ እናቷ አፍ አጠገብ እንደያዘች ወደ በሩ ዞረች። እማማ እታገኝ ብቻ ተረጋግተው ወደ ጣሪያው አዩና «መጣልኝ» አሉ። አጥሚቱንም በእጃቸው ገፉት፤ ከዚያ በኋላ ውኃም አልቀመሱም።

በማግስቱ ጠዋት ጎረቤታቸው ሙሉነሽ መጥታ በር ላይ ቆመች።

«ውሻዋ ቤቱን እያየች ነው የምታለቅሰው» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ደግሞ ግድግዳው ሥር መሬት ትቆፍራለች። መቃብር ነው የምትቆፍረው። ጥሩ አይደለም።»

እውነትም ሰውአለኝ ግድግዳው ሥር ትጭራለች፤ ጥፍሯ ደምቷል። ግዛቸው በድንጋይ አባረራት። ተመለሰች። በዱላ አባረራት። ተመለሰች። በሟርት አያምንም፤ ግን ዱላውን ጥሎ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። አማቱን ይወዳቸዋል። እናቱን በልጅነቱ ያጣ ሰው ነው፤ እማማ ብሎ የጠራው እሳቸውን ብቻ ነው። ማታ ውሻዋን ጭኜ ይርጋጨፌ ወስጄ እጥላታለሁ ብሎ ለራሱ ማለ። ሞትን ማባረር ባይችል ጠሪዋን ማባረር ይችላል።

ከቀትር በፊት ደግሞ ሌላ መጣ።

«ሕፃን ያለቅሳል» አሉ እማማ እታገኝ። «ከታች ነው።»

«ምን ሕፃን፣ እማዬ?» አለች ብዙነሽ።

«ባንተአምላክ ነዋ። እናቱን ይጠራል።»

ብዙነሽ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ባንተአምላክ እሷ ሳትወለድ፣ ድኾ ሳይጨርስ የሞተ ታላቅ ወንድሟ ነው። እናቷ ስሙን በሰው ፊት ሲጠሩት ሰምታ አታውቅም። ሮጣ ወጥታ ለንስሐ አባታቸው ደወለች።

ቄስ ዘመንፈስቅዱስ መጡ። ጸለዩ፣ ቤቱን በጸበል ረጩ። ከዚያ ቤተሰቡ በየተራ በእማማ እታገኝ ሊመረቅ ገባ። ውጭ ሰውአለኝ ድምጿ ሰልሎ እንኳ አላቆመችም።

የግዛቸው ተራ ደረሰ። ከአልጋው ሥር ተንበረከከ፤ እንባውን እንዳያዩበት ግንባሩን ጣውላው ላይ ደፋ። እማማ እታገኝ እጃቸውን ራሱ ላይ አሳረፉ። ያኔ ሰማ።

ከጣውላው ሥር ቀጭን፣ የተቆራረጠ ልቅሶ።

ጆሮውን ጣውላው ላይ ለጠፈ። የሞተው ልጅ እውነትም መጥቷል፤ እዚህ፣ ከጆሮው ሥር ነው።

«ሰማኸው አይደል?» አሉ አማቱ ፈገግ ብለው።

«ሰማሁ» አለ።

ያኔ ውጭ ሰውአለኝ ጮኸች፤ ከታችም መለሱላት። እሷ ጫረች፤ እነሱ አለቀሱ። ግዛቸው ቀና አለ። አጥንቱ ታየው፣ ገመዱ ታየው፣ ጥርሷን ያሳየችበት ቀዳዳ ታየው።

«በስመ አብ! ምን አደረግሁ?» ብሎ ቄሱን ገፍቶ ወጣ።

ዲጂኖ አንስቶ ያን ያማረ ልስን ይወቅጠው ጀመር። ጎረቤቱ እሪ አለ።

«ግዛቸው!» ጮኸች ብዙነሽ። «እናቴ ሳትሞት ቤቷን ታፈርሳለህ? አበድክ?»

መውቀጡን ቀጠለ። ሰውአለኝ ግን ዝም አለች፤ አልነከሰችውም፣ ዘወር ብላ ቦታ ለቀቀችለት። ድንጋዮቹ ሲወድቁ እስከ ትከሻው ገብቶ ዳበሰና ቡችሎቹን አንድ በአንድ እያወጣ ኮቱ ላይ አስቀመጣቸው። ዓይናቸው ገና አልተገለጠም። ወጀቡ በጣለባት ሌሊት ወልዳቸው መሆን አለበት። ጠጉራም ናትና ሆዷን ያየ የለም፤ ያያት የነበረው ሰው አልጋ ላይ ነው። ይንቀሳቀሳሉ፤ መጨረሻ የወጣችው ብቻ ቀዝቅዛለች።

ሙሉነሽ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «እኔ ደግሞ መቃብር ትቆፍራለች አልኩ!» አለች።

ግዛቸው ኮቱን እንዳለ አቅፎ ገባ፤ ሰውአለኝ ተከተለችው። ገና ጸበሉ ባልደረቀበት ቤት ውሻ ሲገባ ቄሱ የቀሚሳቸውን ጫፍ ሰበሰቡና መንገድ ለቀቁ።

«እማማ፣ ያለቀሱት እነዚህ ናቸው» አለ። «የደፈንኩባቸው እኔ ነኝ።»

እማማ እታገኝ ቡችሎቹን አዩ። ብዙ አዩአቸው።

«ባንተአምላክ አልነበረም?»

ግዛቸው ያን ልጅ ዛሬ ሁለተኛ ጊዜ የገደለባቸው መሰለው፤ በሕይወቱ እንዲህ አፍሮ አያውቅም።

አሮጊቷ እጃቸውን ሰደው የቀዘቀዘችውን አነሱ። በነጠላቸው ጫፍ ጠቀለሏት። ሰውአለኝ አገጯን ከአልጋው ጠርዝ ላይ አሳርፋ ታያቸዋለች።

«ያኔ እኔም እንዲህ ጮኼ ነበር» አሏት። «ሰው ሁሉ አበደች አለኝ።»

ከዚያ አንገታቸውን ቀና አድርገው የቆመውን ሰው ሁሉ በቁጣ አዩት።

«ብዙነሽ! ቤት ውስጥ አራስ እያለች ምን ተገትራችሁ ታያላችሁ? ገንፎ አይገነፋም?»

«ለውሻ፣ እማዬ?»

«ለአራስ!»

ጾም አልነበረም። ገንፎው ከነድስቱ፣ መሐሉ ተጎድጉዶ፣ ቅቤው ፈስሶበት መጣ። ብዙነሽ እንዲቀዘቅዝ በሳህን ዘርግታ ሰውአለኝ ፊት አስቀመጠችው። ቡችሎቹ ጡቷ ላይ ተርመሰመሱ፤ እሷም ጎንበስ ብላ መላስ ጀመረች። ቄስ ዘመንፈስቅዱስ «ከመሞት መሰንበት» አሉና መስቀላቸውን ወደ ኪሳቸው ከተቱ።

ግዛቸው ግን አማቱን ነበር የሚያየው። እማማ እታገኝ የቀዘቀዘችውን ቡችላ በግራ እጃቸው ደረታቸው ላይ እንደያዙ፣ በክርናቸው ተደግፈው ቀስ ብለው ተነሱ። ቀኝ እጃቸውን ወደ ድስቱ ዘረጉ።

«የአራስ ጠያቂስ አይቀምስም እንዴ?» አሉ።