ባይወጣስ የማይባልበት ቤት

ጥርስ ሠሪዋ ቀኑን ሙሉ የሰው ጥርስ ስታሳምር ትውልና ሌሊት በእንቅልፏ የራሷን ስታፋጭ ታድራለች። ጠዋት መንጋጋዋ አልላቀቅ እያለ ዳቦ እንኳ ማኘክ ያቅታታል። ምን እንደነካት ቤት ውስጥ የሚያውቁት እሷና ባሏ ናቸው፤ ሁለቱም ግን አያነሱትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰው አገር የምትሠራበት ፈቃድ ክረምት ሲገባ ያልቃል። ለመቆየት የቀራት መንገድ የሥራ ቪዛ ዕጣ ነው። የምትሠራበት የጥርስ ላቦራቶሪ ባለቤት ስሟን አስገብቶላታል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የዕድል ነገር ነው። ዕጣው ደግሞ ክፉ አመል አለው። ለወጣለት ይነገራል፤ ያልወጣለትን ግን ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ዝምታው «ገና ነው» ማለት ይሁን «ቀርቷል» ማለት የሚለይ ሰው የለም። የመጀመሪያዎቹ ዕድለኞች ታውቀው፣ እንኳን ደስ ያላችሁ ተብለው አልቋል። ጥርስ ሠሪዋ ሁለተኛ ዙር ይኖራል የሚል ወሬ ከአንድ ቦታ ሰምታ እሱኑ ጨብጣ ቀርታለች። የባሏም የልጇም ፈቃድ በእሷ ላይ የተንጠለጠለ ነው። እሷ ከወደቀች ሦስቱም ወደቁ ማለት ነው።

ባሏ አሳንሰር ጠጋኝ ነው። ሰው አሳንሰር ውስጥ ሲቀረቀር መፍቻውን ከማንሳቱ በፊት በበሩ ስንጥቅ ያነጋግረዋል፤ ምን እንደተበላሸ፣ አሁን ምን እየነካካ እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደሚቆይ አንድም ሳይደብቅ ይነግረዋል። ጨለማው አይደለም ሰውን የሚያሳብደው፣ ዝም መባሉ ነው ይላል። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው እቤቱ ሲገባ ጥበቡን ከጫማው ጋር በር ላይ ያወልቃል። አንድ ቀን እራት ላይ፣ ልጃቸውም ባለችበት፣ ሚስቱ «ባይወጣ...» ብላ ስትጀምር ማንኪያውን አስቀምጦ፣ «አታሟርቺ። ዝም አይነቅዝም፤ ይሄ ነገር ሁለተኛ እዚህ ቤት እንዳይነሳ» አላት።

እናቱም በስልክ በጎ በጎውን አውሩ እያሉ ያግዙታል። እሱ በዚህ አላበቃም፤ ግድግዳ የሚያህል ቁም ሳጥን ገዝቶ መጣ። በበሩ አልገባ ብሎ በሩን ነቅለው አስገቡት። የሚሄድ ሰው ቁም ሳጥን አይገዛም፤ ዕጣው ይህን አይቶ እንዲያፍር ሳይሆን አይቀርም ሐሳቡ። በእርግጥ ፈርቶ ነበር፤ ፍርሃቱን ግን እምነት ብሎ ጠራው። እሷም ብትሆን አትሻለውም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ሲባል እየሰማች ያደገች ናት፤ ቃሉን ከአፏ ካወጣችው የሚመጣ ይመስላታል።

በዚህ መሐል የላቦራቶሪው ባለቤት ጠራት። እህቱ ሌላ አገር ተመሳሳይ ሥራ አላት፤ የጥርስ ቀለም አይቶ የሚያመሳስል እጅ ትፈልጋለች። የዚያ አገር ፈቃድ ዕጣ የለውም። ችግሩ ሠራተኛው መጀመሪያ ብቻውን ሄዶ መጀመር ያለበት መሆኑ ነው፤ ቤተሰብ የሚከተለው ከወራት በኋላ ነው። ቦታው የሚጠብቃት እስከ ዓርብ ቀትር ብቻ ነው። ከጎኗ ተቀምጠው የተሠራውን ጥርስ የሚያለሰልሱት፣ ሁሉም «ጋሼ ብሩሽ» የሚሏቸው አዛውንት ይህን ሲሰሙ ማሽናቸውን አጠፉ።

«ልጄ፣ ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል» አሏት።

እሺ ጋሼ አለችና ወሬውን ይዛው ሰነበተች። ለባሏ ብትነግረው አሟረትሽ ይላታል። ለልጇስ? ሚጢጢ ገና ሰባት ዓመቷ ነው። ጥዬሽ ልሄድ ነው ተብሎ ለሰባት ዓመት ልጅ በየት በኩል ይነገራል? ስለዚህ የምትችለውን ታደርጋለች፤ ከሥራ ስትመለስ መታጠቢያ ቤት ገብታ፣ ቧንቧውን ከፍታ ታለቅሳለች። ውሃው ድምፅዋን የሚደብቅላት ይመስላታል።

ሚጢጢ ደግሞ ሰሞኑን ጠባይዋ ተበላሽቷል። ወጥታ አትጫወትም፤ እናቷን ከክፍል ክፍል እየተከተለች ቀሚሷን ትይዛለች። እናቷ ቅብጠት መስሏት ሁለት ሦስት ጊዜ ተቆጣቻት። ሐሙስ ማታ ቧንቧውን ዘግታ ስትወጣ ልጅቷ መታጠቢያ ቤቱ በር ሥር፣ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። ልትቆጣት አፏን ስትከፍት ልጅቷ ቀደመቻት።

«እማዬ፣ መቼ ነው የምትሞቺው?»

እናትየው እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አለችና ማን ነው እንዲህ ያለሽ አለቻት። ማንም አላላትም፤ ራሷ ነበረች የደረሰችበት። ምግብ አትበይም፣ አፍሽን ያምሻል፣ ውሃ ከፍተሽ ታለቅሻለሽ፣ እኔ ስገባ ከአባዬ ጋር ዝም ትባባላላችሁ አለች። የጓደኛዋ አያት ሊሞቱ ሲሉ እዚያ ቤትም ልክ እንዲህ ነበር አሉ።

«ታዲያ ለምን አልጠየቅሽኝም፣ የኔ እናት?»

«ብጠይቅሽ የሚሆን መስሎኝ ነዋ።»

ጥርስ ሠሪዋ በሕይወቷ ብዙ ፈርታለች፤ እንደዚህ ግን ፈርታ አታውቅም። እነሱ የፈሩት መባረርን ነው። ይህች ልጅ ሞትን ያህል ነገር ለብቻዋ ተሸክማ ትምህርት ቤት ስትመላለስ ሰንብታለች፤ ያውም አፏን መዝጋት ከእነሱው ተምራ። አቅፋ አስጠጋቻትና ያልታመመች መሆኗን ነገረቻት። ከዚያ ዕጣውን፣ ፈቃዱን፣ ሌላውን አገር አንድ በአንድ አወራችላት። «ባይወጣስ ብዬ ነው የምፈራው» ስትል ቃሉ ሙሉውን ከአፏ ወጣ። ወለሉም አልተከፈተም፣ ጣሪያውም አልወረደም።

«ባይወጣ የት ነው የምንሄደው?» አለች ሚጢጢ።

ይህን ጥያቄ ሁለት አዋቂዎች በአንድ አልጋ እየተኙ አንድ ቀን ተጠያይቀውት አያውቁም። ሌላውን አገር ደግማ ነገረቻት፤ መጀመሪያ ብቻዋን እንደምትሄድ፣ ከወራት በኋላ እነሱ እንደሚከተሏት። ልጅቷ ይህኛው ሲገባት አለቀሰች። አትሂጂ ብላ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች፤ ድምፅዋን ከፍታ ነበር የምታለቅሰው። ከዚያ በየቀኑ በስልክ ፊቷን እንደምታሳያት አስምላ፣ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ርቦኛል አለች። ራበኝ ካለች ስንት ጊዜዋ።

እናትየው ከወለሉ ሳትነሳ ለላቦራቶሪው ባለቤት እህት ደወለች። እመጣለሁ አለቻት። ስልኩን እንደዘጋች ራሷን ጠየቀች፤ በገዛ አፌ ዕጣዬን ዘጋሁት ይሆን? ለልጄ ትከተሉኛላችሁ ብዬ የገባሁትን ቃልስ እዚያ አገር ፈቃድ የሚሰጠው ሹም ይጠብቅልኛል? ስልኩን ደግማ አየችው። ስለ ዕጣው የመጣ ነገር የለም። ፍርሃቱ አለ፤ አሁን ግን ቢያንስ ዳቦ ቆርሳ ለልጇ ሰጠቻት፤ ለራሷም በአንድ ወገን ጥርሷ አላመጠች።

አባትየው በሩን ሲከፍት ሚጢጢ ዳቦዋን እንደያዘች ሮጣ ተቀበለችው።

«አባዬ፣ እማዬ አትሞትም። ሥራ ልትሠራ ነው የምትሄደው።»

የመፍቻ ቦርሳው ከትከሻው ሳይወርድ ቆመ። የልጅ ቀልድ መስሎት ፈገግ ሊል ሲል ከኋላዋ የቆመችውን ሚስቱን፣ ያበጠ ዓይኗን አየ።

«ማን... ማን ሊሞት ነበር?»

«እማዬ ናታ» አለች ሚጢጢ፣ ነገሩ ያለፈ ስለሆነ ቀለል አድርጋ። «እዚህ ቤት እንዳይነሳ ስላልክ እኮ ነው ያልነገርኩህ።»

አሳንሰር ጠጋኙ በሩን እንኳ ሳይዘጋ፣ ቦርሳውን እንደተሸከመ ደፉ ላይ ቁጭ አለ።