የጉራቻ አሥረኛ ቀን

እሑድ ኅዳር 15 ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ጉራቻ በሕይወት ነበር። ከበሩ በስተግራ፣ በአራት ሜትር ሰንሰለቱ ጫፍ፣ ፊቱን ወደ ቡና ማድረቂያ አልጋዎቹ አዙሮ ተኝቷል። ስሙን ስጠራ ጆሮውን አነሳ፣ ጭራውን ሁለት ጊዜ መሬት ላይ መታ፣ ግን አልተነሳም። አልጮኸም። ለሃጭም አላየሁበትም። ይህን ሁሉ ጻፍኩ።

መጻፍ ልማዴ ነው። ሊሙ ገነት ጓሯችን ውስጥ የቆመውን የዝናብ መለኪያ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ቤት ባለሁበት ቀን ሁሉ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ያነበብኩት እኔ ነኝ። ውሻችን የጎረቤታችንን የአብራርን ልጅ ዩምናን ከነከሰ ወዲህ፣ ከዝናቡ ቀጥሎ አንድ መስመር ለእሱ ጨመርኩ።

ዩምና ሰባት ዓመቷ ነው። ባቷ ላይ ሁለት የጥርስ ቀዳዳ ነበር። አባቷ ጅማ ወስዶ መርፌ አስጀመራት። ነርሷ ጽዮናዊት የተነከሰችበትን ቀን ካርድ ላይ ጽፋ፣ «ውሻው ከነከሳት ጀምሮ አሥር ቀን በጤና ከቆየ መርፌው ይቆማል፤ ከታመመ ወይም ከሞተ ይቀጥላል» አለችው። ሦስት ወስዳለች። አራተኛው ቅዳሜ ነው። ልጅቷ ጅማ እስክትደርስ መንገዱን ሙሉ ታስመልሳለች፣ መርፌውን ስታይ ደግሞ አራት ሰው ነው የሚይዛት። አብራር ቡናው ቀልቶ ዛፍ ላይ እያለበት በየጊዜው ሥራ ይፈታል። የአሥሩን ቀን መሙላት ከእኔ አብልጦ ይጠብቅ ነበር።

ሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ጉራቻን ሞቶ አገኘሁት። እግሮቹ ደርቀዋል። አፉ ሥር ያለው አፈር የመዳፍ ስፋት ያህል ረጥቧል። ሌሊት ዝናብ አልጣለም።

የወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጥላሁን ዘንድ ደወልኩ።

«በባዶ እጅ እንዳትነኩት» አለኝ። «እንዳትጥሉት፣ እንዳትቀብሩትም። ጭንቅላቱን ላቦራቶሪ ማድረስ አለብኝ። አራት ሰዓት ላይ የበረዶ ሳጥን ይዤ እመጣለሁ። ካመለጠን ሙቀቱ ያበላሸዋል፣ ከዚያ በኋላ ምንም ማወቅ አይቻልም።»

ስልኩን ዘግቼ ስዞር አባቴ ቲጃኒ ከአቮካዶው ሥር መቆፈር ጀምሯል። ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። ዶማውን ሲያነሳ ትንፋሹ ይሰማል።

ቡና ለቃሚዋ ወርቂቱ ቅርጫቷን አንግታ በአጥሩ በኩል ስታልፍ ቆመች።

«አባ ቲጃኒ፣ ምን ሊተክሉ ነው?»

«ጉራቻ ሞተ።»

«ውሻ ሊቀብሩ? ኧረ ድንኳኑ የት ነው የሚተከለው? ለቅሶ እንድንደርስ!»

«ሂጂ ቡናሽን ልቀሚ።»

«ውሻ ይጣላል እንጂ ይቀበራል እንዴ?»

«ሰባት ዓመት ጅብ ሲከለክልልኝ ኖሯል፤ ዛሬ ለጅብ አልሰጠውም!»

ወርቂቱ ራሷን እየነቀነቀች ሄደች። ጥላሁን ያለኝን ለአባቴ ነገርኩት። ዶማውን ሳያቆም አዳመጠኝ።

«አንገቱን?»

«አዎ አባ።»

«ሌባ ነው? ምን ሰረቀ? አይሆንም። እንደተፈጠረ ነው የሚገባው። ፀሐዩ ሳይበረታ እቀብረዋለሁ።»

ሁለት ሰዓት ከሩብ ሆኗል። ጉድጓዱ ጉልበቱ ደርሷል። አብራር ካርዱን በእጁ እንደያዘ በሩን ከፍቶ ገባ። ወርቂቱ ነግራዋለች። ጉራቻን አየው፣ ቀጥሎ እኔን።

«ስንተኛ ቀኑ ነው?»

«በካርዱ ከሄድን አሥሩ ቀን የሚሞላው ዛሬ ማታ ነው» አልኩት። «ዓርብ ማታ ነው የሚለው።»

«ዓርብ ማታ?» ካርዱን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። «ማነው ዓርብ ማታ ያለው? እኔ የጁምዓ ሌሊት ነው ያልኳት።»

አባቴ ከቁፋሮው ቀና አለ። በእኛ በሙስሊሞች ዘንድ ቀን የሚጀምረው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው፤ የጁምዓ ሌሊት ማለት ሐሙስ ማታ ነው። ጽዮናዊት ከሌላ አገር የመጣች ልጅ ናት። እነ አብራር ቅዳሜ ጠዋት ስለደረሱ ትናንት ማታ ማለቱ መስሏት ዓርብ ብላ ጻፈች። እኔ ያን ሳምንት ጅማ ሥልጠና ላይ ነበርኩ፤ ስመለስ ቀኑን ከካርዱ ላይ ገለበጥኩ። ማንንም አልጠየቅኩም።

«ሐሙስ ከመግሪብ በኋላ ነው» አለ አባቴ። «ሰግጄ ስወጣ ነው ጩኸቷን የሰማሁት።»

አብራር በጣቱ ቆጠረ። ደግሞ ቆጠረ። ፊቱ ፈታ አለ።

«ትናንት ማታ ሞልቷል! አልሐምዱሊላህ! ከውሰር፣ ትናንት ማታ አይተሽው የለ?»

«አንድ ሰዓት ላይ።»

«በሕይወት ነበር?»

«ነበር።»

«በቃ! ልጄ ዳነች። ቅዳሜ ጅማ የለም!»

«ሰማሽ?» አለ አባቴ። «ዝጊው መዝገብሽን። ለጥላሁንም ደውዪለት፣ አይምጣ።» ዶማውን አነሳ።

ቆጠራው ትክክል ነበር። እኔም ከልቤ እንዲሆን የፈለግኩት ይህንኑ ነው። ሦስታችንም የምንገላገልበት ነገር ነበር፤ አንድ ቃል መናገር አይጠበቅብኝም። ነገር ግን ነርሷ ያለችው «በሕይወት ከቆየ» አይደለም። «በጤና» ነው ያለችው። መዝገቡን ገልጬ ቆምኩ።

«የውሃውን ላንብብላችሁ» አልኩ።

«የምን ውሃ?»

«በየጠዋቱ አንድ ሊትር እቀዳለታለሁ፤ በማግስቱ የተረፈውን እለካለሁ። እስከ ቅዳሜ ድረስ ሁለት መቶ፣ መቶ ሃምሳ፣ ሦስት መቶ ሚሊ ሊትር ነው የተረፈው። ትናንት ጠዋት ሰባት መቶ። ዛሬ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ።»

«ከጣሪያ ፍሳሽ ጠጥቶ ይሆናላ» አለ አብራር።

«ከዓርብ ወዲህ የዝናብ መለኪያው ዜሮ ነው።»

«ወላሂ አንቺ ልጅ!» ድምፁ ከፍ አለ። «ሰው እፎይ ሲል አትወጂም? ውሻ አንድ ቀን ውሃ ባይጠጣ ምን ይሆናል?»

«ምንም ላይሆን ይችላል። አላውቅም። ስለማላውቅ ነው ጥላሁን ይምጣ የምለው።»

አባቴ ከጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ እጁን አወዛወዘ። «ተዉት፣ ምክንያቱን እኔ አውቀዋለሁ። አጥንት ነው። ጉሮሮው ላይ ተሰንቅሮበት ነው መጠጣት ያቃተው። ትናንት ከሰዓት አፉን ከፍቶ መዝጋት ሲያቅተው አይቻለሁ።»

«ምን አደረጉ?» አልኩት።

«ምን አደርጋለሁ? እጄን ከትቼ ፈለግኩለት።»

«አጥንቱን አገኙት?»

አባቴ መልስ ለመስጠት አፉን ከፈተ። ከዚያ ቀኝ እጁን ከዶማው እጀታ ላይ አነሳና አየው።

«አላገኘሁም» አለ።

የጀመረው ጉድጓድ ውስጥ ቁጭ ብዬ እጁን ያዝኩ። ጠቋሚ ጣቱ መገጣጠሚያ ላይ ግማሽ ሳንቲ ሜትር የምትሆን፣ ጫፏ የቀላ ጭረት ነበረች።

«የቡና ቅርንጫፍ ነው» አለኝ።

«ሊሆን ይችላል።»

«የቡና ቅርንጫፍ ነው፣ ከውሰር።»

«ይሁን አባ። ይምጡ፣ እንታጠብ።»

በሳሙና አሥራ አምስት ደቂቃ አሳጠብኩት። ሰዓቴን እያየሁ ነበር። አልተከራከረኝም። አብራር ከበሩ አጠገብ ቆሞ ካርዱን ለአራት አጠፈው፣ ዘረጋው፣ እንደገና አጠፈው።

«ቅዳሜ የጅማው መኪና ስንት ሰዓት ነው የሚነሳው?» አለ በመጨረሻ። ማንን እንደጠየቀ አላወቅኩም።

«አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ» አልኩት።

«እሺ። ቀድሜ ምንም እንዳትበላ አደርጋታለሁ፤ እንዳታስመልስ።»

አባቴ እጁን በነጠላ ጨርቅ እያደረቀ ወደ ጉራቻ ሄደ። ሦስት እርምጃ ሲቀረው ያዝኩት፤ ከዚያ በላይ አልቀረበም።

«ጭንቅላቱን ይውሰድ» አለ። «የቀረው ግን እዚህ ነው የሚያርፈው። ወርቂቱ የፈለገችውን ትበል። ይሄን ለጥላሁን አንቺ ንገሪው፣ እኔ አልችልም።»

ጥላሁን አራት ሰዓት ከአሥር ላይ ደረሰ። ድርብ ጓንት አጠለቀ። አባቴን ወደ ቤት አስገባሁት፤ መስኮቱን ዘጋሁበት። ሥራው አሥራ ሁለት ደቂቃ ፈጀ። ጥላሁን በጓሮ መቀበሩን አልተቃወመም፤ ጉድጓዱን ግን አጥልቃችሁ ቆፍሩ፣ ከውሃችሁም ይራቅ አለ። ከውሃ ጉድጓዳችን እስከ አቮካዶው ለካሁ፤ ሠላሳ አራት ሜትር ነው። አብራር ሳልጠይቀው ዶማውን አንስቶ የቀረውን ቆፈረ። አንድ ሜትር ከሃያ ሲደርስ በኬሻ የተጠቀለለውን በአካፋ አስገባን፣ ኖራ ነሰነስንበት፣ አፈሩን መለስን፣ ከላዩ ድንጋይ ደረደርን። አባቴ ወጥቶ ቆሞ አየ።

በዚያው ቀን ከሰዓት አባቴን ጅማ ወስጄ የመጀመሪያውን መርፌ አስወጋሁት።

የላቦራቶሪው ወረቀት ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረሰ። ፖዘቲቭ ይላል፤ የእብድ ውሻ በሽታ።

ዩምና አራተኛውን ቅዳሜ፣ አምስተኛውን ታኅሣሥ 5 ወሰደች። አባቴ የመጨረሻውን ታኅሣሥ 14 ጨረሰ። ዛሬ መጋቢት 5 ነው። ዩምና ከተነከሰች መቶ ሃያ ቀን፣ አባቴ እጁን ካስገባ መቶ አሥር ቀን ሆነ። ጠዋት የሁለቱንም የሰውነት ሙቀት ለካሁ፦ እሷ 36.8፣ እሱ 36.5።