የሰገን ቅራሪ

ሰገን ጠላ አዋቂ ናት። በርብ ወንዝ ዳር ባሉት ጎጦች ድግስ ሲደገስ ድፍድፉን በጣቷ ቀምሳ «ነገ ይደርሳል» ወይም «ገና ነው፣ አትንኩት» የምትለው እሷ ነበረች፤ ከቃሏ የምትወጣ ሴት አልነበረችም።

ከሦስት ዓመት ወዲህ ደግሞ ሌላ ስም ተጨመረላት። የቀበሌው የጤና ሠራተኛ መሰረት የውሃ መድኃኒት ጠርሙስ በዘንቢል ይዛ ቤት ለቤት ስትዞር፣ ያለ ክርክር «እሺ» ብላ የተቀበለች ሰገን ብቻ ሆነች። ለአንድ ጀሪካን አንድ ክዳን፤ ውሃው ከደፈረሰ በነጠላ አጥልሎ ሁለት ክዳን፤ ከዚያ ግማሽ ሰዓት መታገሥ። ሰገን ሰዓት የላትም። መድኃኒቱን ጨምራ የከብቶቹን በረት ጠርጋ እስክትመለስ ነው የምትታገሠው። ልጆቿ ክረምቱን ያለ ሆድ ሕመም ሲወጡ መሰረት በቤቷ በር ላይ «አርአያ ቤት» የሚል ወረቀት ለጠፈችላት፤ ባሏ ማረው ወረቀቱን ዝናብ እንዳይነካው በላስቲክ ሸፈነው።

የሚካኤል ማኅበር እሷ ቤት የወጣ ዕለት ግን ነገሩ ተበላሸ። ሰገን ለመጠጥ የምታደርገውን ለጠላውም አደረገች፤ ድፍድፉን ያቀጠነችበት ውሃ ሁሉ መድኃኒት ነበረበት። ማኅበርተኛው ጣሳውን ወደ አፉ አስጠግቶ የመድኃኒቱ ሽታ ሲመጣበት ቆም አለ። ምላሱ የማያርፈው ደሞዝ አንዴ አሸተተና፣

«እሜቴ ሰገን፣ ይኸ ጠላ መርፌም አለው ወይስ በአፍ ብቻ ነው?» አላት።

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ቄሱ እንኳ ሳይወዱ ሳቁ። ሰው ሲወጣ ግማሽ የቀረባቸው ጣሳዎች በመደቡ ላይ ተደርድረው ቀሩ፤ ሰገን አንድ በአንድ ወደ አተላው ስትገለብጣቸው ማንም አላያትም። «የጤና ጣቢያው ጠላ» የሚለው ስም ግን ይፋግ ገበያ ድረስ ደረሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚጠጣው ውሃ መድኃኒት ይገባበታል፤ የጠላው ውሃ አይገባበትም። ይህን ለማንም አልነገረችም። ጠላ ውሃ አይደለም፣ ክፉውን ነገር ጌሾው ራሱ ይገድለዋል እያለች ለራሷ ነገረች፤ ለራሷ የነገረችውንም አመነች።

አጥር የምትጋራት አምሳል ናት። አብረው ውሃ ይቀዳሉ፣ አብረው ገበያ ይወርዳሉ፤ የአንዷ ልጅ ከሌላዋ ቤት እራቱን በልቶ ቢያድር የት ደረሰ ብሎ የሚፈልገው የለም። አምሳል በመድኃኒቱ ነገር ስታሾፍ ነው የኖረችው። «አንች ቤት ውሃ ስጠጣ ካርድ ያወጣሁ ይመስለኛል» ትላት ነበር። በዚህ ክረምት ርብ ጥሶ ወጥቶ ሜዳውን ሲያለብሰው ግን ማሾፉን ተወች። ጎርፉ በውሃ ጉድጓዶቹ አፍ ገብቶ አራት ቀን ተኝቶ ሲሸሽ ጭቃ፣ ገለባና የሞተ እንቁራሪት ትቶ ሄደ። የአምሳል አማት እማማ ጥሩብርሃን ዕድሜያቸው የገፋ፣ ሰውነታቸው እንደ ወፍ የቀለለ ሴት ናቸው። አምሳል ስለ እሳቸው መፍራት ጀመረች። ጠርሙሱን ከመሰረት ለመቀበል አስባ፣ ዛሬ ነገ ስትል ሳትቀበል ቀረች።

በነሐሴ መጨረሻ ቀን ማረው ለሩዙ አረም ደቦ ጠራ። ጎርፉ ሥራውን ሁሉ ስላጓተተው አረሙ ሩዙን ሊውጠው ደርሶ ነበር። ሠላሳ ሰው መጣ። ጉልበት ድረስ በሚደርስ ውሃ ውስጥ ተሰልፈው ጎንበስ ብለው እያዜሙ ሲያርሙ፣ ፀሐይ ደግሞ ክረምት መሆኑን ረስታ ወጣች። እኩለ ቀን ሳይሆን ጠላው አለቀ።

«እሜቴ ሰገን!» አለ ደሞዝ ከማሳው ውስጥ ሆኖ። «እግሬ ውሃ ውስጥ ነው፣ ጉሮሮዬ በጋ ነው። ይኸን ነገር እንዴት ነው የምታስታርቂልኝ?»

ሰገን ወደ ቤት ሮጠች። ጠላ ሲያልቅ የሚደረገው ያው ነው፤ በጋኑ የቀረው አተላ ላይ ውሃ ይጨመራል፣ ይማሰላል፣ ቅራሪ ይሆናል። ጠዋት መድኃኒት ጨምራ ያከመችው ጀሪካን ባዶ ሆኗል። ሌላው ከጉድጓዱ አሁን የመጣ ነው፤ በነጠላ አጥልላዋለች፣ ለዓይን ጥሩ ነው። ጠርሙሱ ከራሷ በላይ በግድግዳው ጉጥ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ቀና ብላ አየችው። ሁለት ክዳን፣ ግማሽ ሰዓት፤ ሠላሳ ሰው አፉ ደርቆ ይጠብቃል፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላም ደሞዝ ያሸትታል፣ ማሳው በሙሉ ይስቃል። እጇን አላነሣችም። ጀሪካኑን ጋኑ ላይ ደፋችው።

እያማሰለች ሳለ አምሳል ባዶ ጆጎች ይዛ ገባች።

«ለእማማም ቅጅልኝ። ደቦውን ልመርቅ ብለው መጥተው በር ላይ ተቀምጠዋል። ጠላው ይከብዳቸዋል፣ ቅራሪ ነው የሚወዱት።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «መድኃኒቱ አለበት አይደል?» አለች።

ሰገን ጀርባዋን ሰጥታ ጋኑ ላይ እንዳጎነበሰች ነበር።

«አለበት እንጂ» አለች።

አምሳል ጣሳውን ተቀብላ አሸተተችው። «ምንም አይሸትም እኮ! ልኩን ለመድሽው ማለት ነው። አንች እያለሽ እኔን ምን አስጨነቀኝ።»

እማማ ጥሩብርሃን አንዱን ጣሳ ጨርሰው ደገሙ፤ ሦስተኛውንም እስከ ግማሽ ጠጡ። «እጅሽ ይባረክ፣ ልጄ። ጉሮሮዬን አራስሽው፣ አንጀትሽን ያርሰው» ብለው ሰገንን መረቋት። ሰገን «አሜን» አለች። ወደ ማሳው ጆጉን ተሸክማ ስትወርድም የሰው ምስጋና ነበር የተቀበላት። ደሞዝ አሽትቶ፣ ቀምሶ፣ «ዛሬ ጤና ጣቢያው ዝግ ነው» አለ። ሰዉ ሳቀ፤ እሷም ሳቀች።

በማግሥቱ ጠዋት አምሳል በአጥሩ ላይ ተጣራች።

«እማማን ሆዳቸውን ሲቆርጣቸው አደረ። ከምን ይሆን?»

እውነቱ የሰገን አፍ ላይ ደርሶ ነበር። «ብርድ ይሆናል» አለች። «ትናንት በር ላይ ሲቀመጡ ነፋስ መቷቸው ይሆናል።» ከጓሮዋ ጤና አዳም ቀንጥሳ በአጥሩ አሳልፋ ሰጠቻት።

ከደቦው ሰዎች ሦስት አራቱም ሆዳቸው ተረብሾ ነበር፤ እነሱ ግን ጎልማሶች ናቸው፣ የክረምት ነገር ብለው ችላ አሉት። እማማ ጥሩብርሃን ግን ቀኑን ሙሉ ሲያስመልሳቸውና ሲያስቀምጣቸው ዋለ። በሁለተኛው ቀን ዓይናቸው ጎደጎደ፤ የእጃቸው ቆዳ ሲቆነጥጡት እንደተቆነጠጠ ይቀር ጀመር። ያን ጊዜ ነው ሰው የደነገጠው። የአምሳል ባል የሆነው ልጃቸው ገበያው፣ ማረውና ጎረቤቶቹ በቃሬዛ ተሸክመው፣ ወገብ ድረስ በሚደርስ ውሃ ተሻግረው አስፋልቱ ላይ አወጧቸው። ከዚያ በባጃጅ ወረታ ሐኪም ቤት ገቡ። ሰገን የእማማን ጋቢ ይዛ አብራ ሄደች።

ወረታ ላይ የሚያክማቸው ወጣት ግሉኮሱን ሊሰካ ደም ሥር ሲፈልግ ቆየ። «ትናንት ብታመጧቸው ኖሮ» አለ፣ ማንንም ሳያይ። ከዚያ ወረቀቱን አነሣ። «ምን ጠጥተው ነበር?»

«የቤታችንን ውሃ» አለች አምሳል። «የጉድጓድ ነው። መድኃኒት አናደርግበትም። ከትናንት በስቲያ እሷ ቤት ቅራሪ ጠጥተዋል፤ የእሷ ግን የታከመ ነው።»

ሰገን ጋቢውን አቅፋ ግድግዳውን ተደግፋ ነበር። ወጣቱ ሊያያት ቀና አለ፤ አንገቷን ደፋች። እሱም ጻፈ።

እማማ ጥሩብርሃን ጳጉሜ ሦስት፣ በሩፋኤል ቀን አረፉ። አስከሬኑን ይዘው ሲመለሱ ዝናብ ይጥል ነበር፤ የመንደሩ ልጆች በሩፋኤል ዝናብ ሊታጠቡ ራቁታቸውን ወጥተው ይጨፍራሉ። ቃሬዛውን ሲያዩ ጸጥ አሉ፤ ዝናቡ እየወረደባቸው ቆመው አሳለፉት።

ከቀብሩ በኋላ በነበረው እሑድ መሰረት በቤተ ክርስቲያኑ ዛፍ ሥር ሰው ሰብስባ ስለ ውሃ ተናገረች። ቀስ ብላ፣ ማንንም ላለመውቀስ እየተጠነቀቀች ነበር የምትናገረው። በመጨረሻ ግን፣ «እትዬ ሰገንን ተመልከቱ። እንደ እሷ ያደረገ ቤት አልተጎዳም» አለች። ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። አምሳልም አየቻት፤ በቅናት አልነበረም፣ ራሷን እንደምትረግም ሰው ነበር። ሰገን ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች፤ ሰዉ ትሕትና መሰለው።

ከሁሉ የከፋባት የአምሳል ባል የገበያው ነገር ነው። ገበያው ሚስቱን ክፉ አልተናገራትም። ብቻ እሷ የምትሰጠውን ውሃ መጠጣት ተወ። ከእርሻ ሲመለስ በሰገን በር ያልፍና፣ «ሰገን፣ እስኪ ውሃ አቅምሽኝ» ይላታል። ትሰጠዋለች። ቆሞ ይጠጣል። አምሳል በአጥሩ ማዶ የሚሠራ ነገር የያዘች መስላ ታጎነብሳለች። ሰገን ጣሳውን ስትቀበለው ዛሬ እነግረዋለሁ ትላለች፣ ይሄዳል፤ ነገ ትላለች።

ጥቅምት ሲጠባ፣ ሩዙ ራሱን መዘንበል ሲጀምር፣ አምሳል ጌሾና ብቅል በስልቻ ይዛ መጣች። ከስታለች። መደቡ ላይ ተቀምጣ ስልቻውን መፍታት ጀመረች።

«የተዝካሩን ጠላ አንች ጥመቂልኝ» አለች። «የኔ እጅ አስፈራኝ። ገበያውም ያንች ከሆነ ይጠጣል።»

ሰገን ቆማ ነበር፤ ተቀመጠች።

«አምሳል፣ የዚያን ቀን ቅራሪው ላይ መድኃኒት አልነበረም።»

«የቱ ቅራሪ?»

«የደቦው። ጠየቅሽኝ፣ አለበት አልኩሽ። አልነበረበትም። ውሃው ከጉድጓድ እንደመጣ ነው የደፋሁት።»

አምሳል እጇ ስልቻው ውስጥ እንዳለ ቀረ። ውጭ ማረው ጥጃ ሲያስር ይሰማል።

«ለምን?» አለች።

«ይሸታል እንዳይሉኝ።»

«ይሸታል እንዳይሉሽ።» አምሳል ቃሉን ደገመችው፤ ምን ያህል እንደሚመዝን ለማወቅ በእጇ የያዘችው ይመስል ነበር። «በማግሥቱስ? በአጥር ስጠራሽስ?»

ሰገን ከስልቻው የፈሰሰውን ብቅል በጣቷ መልቀም ጀመረች።

«ሠላሳ ሦስት ቀን» አለች አምሳል። «ሠላሳ ሦስት ቀን ጉድጓዴን ስረግም ከረምኩ። ባሌ ከእጄ ውሃ አይቀበልም። አንች ቤት እየመጣ ሲጠጣ በአጥሩ ቀዳዳ አያለሁ። አንችም ትቀጅለታለሽ።»

«እነግርሻለሁ እያልኩ…»

«ተይው።» ስልቻውን መልሳ አሰረችው። የምታስረው ቀስ ብላ ነበር፤ ቋጠሮውን ሁለት ጊዜ አጠበቀችው። በሩ ላይ ስትደርስ ዞረች። «ለገበያው አንች ንገሪው። እኔ ብነግረው ራሷን ልታወጣ ነው ይለኛል።»

ሰገን በዚያው ቀን ማሳው ድረስ ሄዳ ነገረችው። ገበያው ዶማውን ተደግፎ እስክትጨርስ ሰማት። ቁጣ ጠብቃ ነበር፤ ቁጣውን ፈልጋው ነበር።

«እናቴ መርቃሽ ነው የሄደችው» አለ። ዶማውን ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ ቤቱ ሄደ። አምሳል በር ላይ ጣሳ ይዛ ስትቀበለው ሰገን ከሩቅ አየች፤ ሲጠጣም አየች። ከዚያ ወዲህ በሰገን በር አላለፈም።

ተዝካሩ ከዚያ በስምንተኛው ቀን ወጣ። ሰገንን የጠራት የለም፤ ለተዝካር ግን የተጠራ ብቻ አይሄድም። ማረው «ቅሪ» አላት፤ አልቀረችም። በዳሱ መጨረሻ፣ ከአሮጊቶቹ ኋላ፣ ምሰሶውን ተደግፋ ተቀመጠች።

አምሳል ራሷ ጠምቃ፣ ራሷ ነበር የምትቀዳው። ጠላው ሲዞር ሰው ወደ አፉ አስጠግቶ ቆም አለ። ሰገን ገና ጣሳው እጇ ሳይደርስ ሽታውን አወቀችው። የውሃው መድኃኒት ነው፤ ልኩን ባልለመደ እጅ፣ በዝቶ የተጨመረ። ሰዎች እርስ በርሳቸው ተያዩ። ደሞዝ አፉን ከፈተ፤ የገበያውን ፊት አየና ዘጋው። ጣሳዎቹ አንድ በአንድ፣ ግማሽ እንደቀረባቸው፣ መሬት ላይ መቀመጥ ጀመሩ። አምሳል ሁሉንም አየች። ፊቷ አልተለወጠም፤ ጆጉን እንደያዘች ከሰው ወደ ሰው አለፈች።

ሰገን ጣሳዋን ተቀብላ ጠጣችው። ጉሮሮዋን ፈጀው። እስከ አተላው ጠጥታ ጣሳውን ደፍታ አራገፈችና እንደገና ዘረጋችው።

አምሳል መጥታ ከፊቷ ቆመች። ሳታያት፣ እስከ አፉ ሞላችላትና ወደሚቀጥለው ሰው አለፈች።