የእማማ ቡንኔ ጋዝ

የቤተ ክርስቲያናችን የሕሙማን ጠያቂ ቡድን ሐሙስ ሐሙስ ይወጣል። አራት ሴቶች ነን። ስኳር ያለበትንም ሆዱን የተቀደደውንም በአንድ ካርቶን የወይን ጭማቂ እናጽናናለን። መሪያችን እትዬ ጆምሱን ናቸው፤ ጸሎታቸው አጠረብኝ ያለ በሽተኛ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

ያን ሐሙስ የሄድነው አንጀታቸውን ቀዶ ሕክምና የተደረጉትን እማማ ቡንኔን ልንጠይቅ ነበር። እንደሚታወቀው ከሆድ ቀዶ ሕክምና በኋላ ጋዝ ካልወጣ ምግብ የለም። ስለዚህ በሆስፒታሉ ባለ ስድስት አልጋ ክፍል ውስጥ "እንዴት አደርሽ" የሚል የለም፤ ሰላምታው "ወጣ?" ነው። የእማማ ቡንኔ ሳይወጣ አራተኛ ቀኑን ይዟል። ሐኪሙ፣ "ተነሥተው ይራመዱ፤ እስከ ነገ ካልወጣ ሆድዎን እንደገና ልንከፍት እንችላለን" ብሏቸዋል። ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው።

ስንገባ የግሉኮሱን ማንጠልጠያ ይዘው፣ ነጠላ ጫማቸውን አጥልቀው ሊነሡ ነበር።

"ኧረ አይነሡ! መጣን አይደል እንዴ?" እትዬ ጆምሱን ትከሻቸውን ይዘው መልሰው አስተኟቸው።

"ልራመድ ነበር እኮ…"

"መራመዱ ይደርሳል። መጀመሪያ መዝሙር!"

መዝሙሩ አምስት አንቀጽ ነበረው፤ አንዱም አልተዘለለም። ከዚያ ጸሎቱ ቀጠለ። እትዬ ጆምሱን ከአዳም ተነሥተው፣ በቤተ ክርስቲያናችን አዲስ ጣሪያ አልፈው፣ በልጃቸው የዩኒቨርሲቲ ፈተና ዞረው ወደ አንጀት ሊመለሱ ሲሉ ዓይኔን ገለጥኩ። እማማ ቡንኔም ገልጠዋል፤ ያለቅሳሉ።

"ልጄ" አሉኝ በሹክሹክታ፣ "ዳግመኛ ከቀደዱኝ አልነሣም። ፈርቻለሁ።"

በጣም አፈርኩ። ስምንት ዓመት ሙሉ በሽተኛ ስጠይቅ "ምን ላድርግልዎ?" ብዬ አላውቅም። ማንጠልጠያውን ያዝኩ፣ ክንዳቸውን ደግፌ ቀስ ብለን ወጣን። እትዬ ጆምሱን ዓይናቸውን እንደ ጨፈኑ ለባዶው አልጋ መጸለያቸውን ቀጠሉ። አልጋው ታጋሽ ነበር።

ኮሪደሩን ተመላለስንበት። ስለ ጎረቤታቸው ክፉ ውሻ አወሩልኝ፣ ሁለት ጊዜ አረፉ፣ አንድ ጊዜ "ይብቃኝ" አሉ። ዘጠነኛው ዙር ላይ፣ የውሃ ማሽኑ አጠገብ፣ ድንገት ቆመው ክንዴን ጨመቁ።

ነርሷ ከጠረጴዛዋ ብድግ ብላ አጨበጨበች። "ወጣ! ስድስት ቁጥር አልጋ ወጣላቸው!"

"ይቅርታ ልጄ" አሉ እማማ ቡንኔ፣ እየሳቁ፣ እንባቸው እየወረደ።

"ምን ይቅርታ አለው? እንዲህ ያለ አሜን ሰምቼ አላውቅም።"

ቤተ ክርስቲያናችን እሑድ እሑድ በሚያድለው ወረቀት ላይ "በእትዬ ጆምሱን ብርቱ ጸሎት ለእማማ ቡንኔ በረከት ወጣላቸው" የሚል ዜና ወጣ። ጋዝ የሚለው ቃል ለቤተ ክርስቲያን አይመጥንም ተብሎ ነው።

ማክሰኞ እማማ ቡንኔ ደወሉልኝ። "ሐሙስ ትመጫለሽ?"

"እንመጣለን፣ እማማ።"

"ትመጫለሽ ነው ያልኩት! የሚመች ጫማ አድርገሽ ነይ። አጠገቤ ያለችው ሴትዮ ሦስተኛ ቀኗ ነው፤ ጠያቂም የላትም።"