ትዕግሥት የለሹ ጋሊየም

ለክቡራን የሥራ ባልደረቦች፣ ለተማሪዎችና ለቤተ ሙከራው አይጦች በሙሉ፦ በሕንፃችን ምድር ቤት የሚገኘው የምስል ክፍል በር በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰው በላይ እንደማያሳልፍ ስናስታውቅ ጥልቅ ኀዘን ይሰማናል።

በሩ ጨረር እንዳያሾልክ በእርሳስ ብረት ስለተለበጠ ጠባብም ከባድም ነው። እዚህ በኢራኗ ከተማ በሺራዝ ደግሞ ጠባብ በር ማለት ጦርነት ነው፤ ያውም ሁለቱም ወገን ለመሸነፍ የሚፋለምበት።

ያን ቀን ተመራቂ ተማሪዋ ማህኑሽ የዓመታት ልፋቷን በከባድ የእርሳስ ማሰሮ ታቅፋ ወረደች። ማሰሮው ውስጥ ያለችው ጠብታ ለዓይን ውሃ ናት። ግን ከፔፕታይድ፣ ማለትም ከፕሮቲን ቁርጥራጭ፣ የተሠሩ እጅግ ረቂቅ ቅንጣቶች ይዋኙባታል። ሥራቸው በደም ተጉዞ የካንሰሩን እጢ መፈለግ፣ እዚያው ተጣብቆ ማብራት፣ የተሸከሙትንም መድኃኒት እዚያው ማራገፍ ነው። እንዲያበሩ የተለጠፈባቸው ጨረር አመንጪ ብረት፣ ጋሊየም፣ ግን ትዕግሥት የለውም፤ በሰዓት ገደማ ግማሽ ጉልበቱ በኖ ይጠፋል። እጢ ያለባት የሙከራ አይጥ ምስል ዛሬ ካልተነሣ መሣሪያው ለሌላ ቡድን ያልፋል፤ የማህኑሽም ምረቃ ለከርሞ።

ይህን የሚያውቁ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ሊያጅቧት አብረዋት ወረዱ። ጥፋቱም እዚያ ላይ ነው። አንዱ አማካሪዋ ዶክተር ሞዛፋሪ ናቸው። ሰው ቀድመው በር ገብተው አያውቁም፤ መንታ ሆነው ሲወለዱ እንኳ «አንቺ ቅደሚ» ብለው እህታቸውን አሳልፈዋል እየተባለ ይታማሉ። ሌላው የምስል ክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ኮርሳንዲ ናቸው።

እኔ የምስል ክፍሉ ቴክኒሻን ውስጥ አይጧን አደንዝዤ እጠብቃለሁ። በሩ ተከፈተ። ማንም አልገባም።

«ይግቡ እንጂ ዶክተር» አሉ ሞዛፋሪ።

«ኧረ በጭራሽ! እርስዎ ይቅደሙ።»

«በሞቴ!»

«በእኔ ሞት! እርስዎ ቆመው እኔ ልግባ? አባቴ ከመቃብር ተነሥቶ በጥፊ ነው የሚለኝ።»

«ክፍሉ የእርስዎ አይደል?»

«የእኔ ስለሆነ ነዋ እንግዳ የሚቀድመው!»

ማህኑሽ ከኋላቸው ማሰሮዋን ታቅፋ ትቁነጠነጣለች። ሁለት አዛውንት ገፍትሮ ማለፍ ደግሞ ካለመመረቅ የባሰ ነው።

«ዶክተር፣ ጋሊየሙ እየሞተ ነው» አለች በስተመጨረሻ።

«ሰሙ? እየሞተ ነው! በሉ ቶሎ ይግቡ!» አሉ ሞዛፋሪ።

«እሱን እኮ ነው የምልዎት፤ ቶሎ ይቅደሙኝ!»

ሻይ የሚያዞሩት ባቱል ኻኖም ትሪያቸውን ይዘው ብቅ አሉ። «እዚሁ ልትውሉ ነው? ሻይ ይበቃችኋል ወይስ ፍራሽ ላንጥፍ?» አሉ። ይባስ ብሎ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ማን ያንሣ የሚል አዲስ ግንባር ተከፈተ።

ይሄኔ ማህኑሽ ፈነዳች። «የእኔዎቹ ቅንጣቶች ይሻላሉ! በራቸውን ሲያገኙ ዘው ነው። ‹እርስዎ ይቅደሙ› ብሎ ነገር አያውቁም!»

ዶክተር ሞዛፋሪ ዞር ብለው አዩዋት። ማሰሮውን በጉልበቷ ደግፋ ይዛለች። ከዚያ ይቅርታ እንኳ ሳይሉ አንገታቸውን ደፍተው ሰተት ብለው ገቡ። ማህኑሽ ተከተለቻቸው። ኮርሳንዲ ለሻዩ ያነሡትን የስኳር አንኳር በጥርሳቸው እንደያዙ፣ ፈዘው ደጅ ቀሩ።

ጠብታዋን በአይጧ ጅራት ወጋናት። ጥቂት ጠበቅን። ግራጫው ምስል ላይ፣ ትከሻዋ አጠገብ፣ እንደ ሮማን ፍሬ ያለች ነጥብ በራች። ደከም ብላለች፤ ግን እጢው ላይ ነች፤ ሌላ የትም የለችም። ማህኑሽ ጮኸች፤ ባቱል ኻኖም እልል አሉ፤ እኔ አይጧን ልስማት ምንም አልቀረኝም።

ሕንፃው ግን የሚያወራው ስለ ነጥቧ አይደለም። «ሞዛፋሪ ቀደሙ አሉ!» «አመማቸው እንዴ?» ዶክተር ኮርሳንዲ አላስችል ብሏቸው ደረጃው ላይ ሞዛፋሪን ያዟቸው።

«ተቀይመውኝ ነው?»

«አይደለም።»

«ለልጅቷ አዝነው ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ በዚህ ዕድሜዎ ምን ነክቶዎት ቀደሙኝ?»

ዶክተር ሞዛፋሪ ኮታቸውን ቆለፉ።

«ቀደምኩ፣ ቀደምኩ ነው። አልነግርዎትም።»